አልሞቱም ነበር፦ ጋሼ ስለ «ሎስት» ለጻፉት የተሰጠ ምላሽ

ጋሼ፣ «ሞተው ነበር፤ እኛም ተታለልን» በሚል ርዕስ የጻፉት ጽሑፍ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ከብሎክ ብሎክ ሲዞር ቆይቶ እኔም እጅ ገባ። እርስዎ በሰፈራችን ፊልም በማወቅ የሚታወቁ፣ ወጣቱም የሚሰማዎት ሰው ነዎት። ያሳሰበኝም ይኸው ነው። ጽሑፉን ያነበቡ ልጆች ኮሚናሉ በር ላይ ቆመው «ለካስ ከመጀመሪያውም ሞተው ነው!» ሲባባሉ ሰማሁ፤ ከመካከላቸው ድራማውን ከዳር እስከ ዳር ያየ አልነበረም። ካሁን በኋላም አያዩትም፤ መጨረሻው ባዶ ነው ተብለዋላ። ይህን ድራማ ከልቤ ስለምወደው ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ላላነበበ ሰው ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። አውሮፕላን ተከስክሶ ደሴት ላይ ስለቀሩ ሰዎች የሚተርከው «ሎስት» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ስድስት ሲዝን ሙሉ ምስጢር ሲቆልል ከርሞ አንዱንም ሳይፈታ አለቀ። ከአውሮፕላኑ አደጋ የተረፈ ሰው የለም፤ ደሴቲቱ በሞትና በፍርድ መካከል ያለች ቦታ ናት። ቁጥሮቹ ትርጉም የላቸውም። ነጩ ድብና ጥቁሩ ጭስ እንዲሁ ለማስደንገጥ የገቡ ናቸው። ዎልት የተባለው ልጅ ተረስቶ ቀረ። ደራሲዎቹ መጨረሻውን ሳያውቁ ለገንዘብ ሲሉ ጎተቱት። መደምደሚያው ላይ ደግሞ ጋሼ ነገሩን በልጅነታችን እንቆቅልሽ መስለውታል፦ «ምን አውቅልህ ብለን አገር ሰጠናቸው፤ አገሩን ይዘው መልሱን ሳይነግሩን ሄዱ።»

አባባሉ ያምራል። እውነት ግን አይደለም፤ ለምን እንዳልሆነ አንድ በአንድ ላስረዳ።

«ሞተው ነበር» ከሚለው ልጀምር፤ ጽሑፍዎ የቆመው በእሱ ላይ ነው። ድራማው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 22 ቀን 2004 በኤቢሲ ጣቢያ ተጀምሮ ሜይ 23 ቀን 2010 አለቀ። በመጨረሻው ሲዝን ሁለት ታሪክ ጎን ለጎን ይሄዳል። አንዱ ደሴቲቱ ላይ ያለው ነው። ሌላው፣ ከሲድኒ የተነሳው የኦሺያኒክ በረራ 815 ሳይወድቅ ሎስ አንጀለስ በሰላም ያረፈበት ዓለም ነው። ከሞት በኋላ ያለው ይህ ሁለተኛው ብቻ ነው። እርስዎ የሁለተኛውን ፍቺ ወስደው ለመጀመሪያው ሰጡት፤ በዚያም እነዚያ ሰዎች የኖሩትን፣ የተጣሉትን፣ አንዱ ለሌላው ሲል የሞተውን ሁሉ በአንድ ቃል ሰረዙት።

ትዕይንቱን ረጋ ብለን እንየው። የድራማው ዋና ገጸ ባሕርይ ሐኪሙ ጃክ፣ በዚያ ሁለተኛ ዓለም፣ በቤተ ክርስቲያኑ የኋላ በር ገብቶ የአባቱን የሬሳ ሣጥን ያገኛል። እጁን ያሳርፍበታል፤ ትንሽ ቆይቶ ይከፍተዋል፤ ባዶ ነው። ዞር ሲል የሞተው አባቱ፣ ክርስቲያን ሼፐርድ፣ ከኋላው ቆሟል። ጃክ ራሱም እንደሞተ የሚገባው እዚያው ቆሞ ነው፤ ያለቅሳል፤ አባቱ ያቅፈዋል። ከዚያ ጃክ፣ እውነተኛ ነህ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። አባትየው ሲመልስ እሱም እውነት እንደሆነ፣ በጃክ ላይ የደረሰው ነገር ሁሉ እውነት እንደሆነ፣ በአዳራሹ የተቀመጡት ሰዎችም እውነት እንደሆኑ ይነግረዋል። ጃክ፣ ሁሉም ሞተዋል ማለት ነው ወይ ሲለው ደግሞ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይሞታል፤ ከአንተ በፊት የሞቱ አሉ፣ ከአንተ ብዙ ዘመን በኋላ የሞቱም አሉ ይለዋል። ጋሼ፣ ከዚህ በላይ ግልጽ መልስ ከየት ይመጣል? ደራሲዎቹ ይህ ጥያቄ እንደሚነሳ አውቀው በተዋናይ አፍ መልሰውታል።

ንግግሩን እንኳ ትተን አዳራሹ ውስጥ ማን እንደተቀመጠ ብናይ ነገሩ ያልቃል። ፔኒ ከፍቅረኛዋ ከዴዝመንድ ጎን ተቀምጣለች፤ ፔኒ በረራ 815 ላይ አልተሳፈረችም፣ ደሴቲቱንም ረግጣ አታውቅም። ዴዝመንድ ራሱ ደሴቲቱ ላይ የደረሰው ከአደጋው ሦስት ዓመት ቀድሞ በመርከብ ነው። ጁልየት አለች፤ እሷ በ2001 ለሐኪምነት የመጣች ናት። ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ የቀረው ቤን በልጅነቱ ከአባቱ ጋር መጥቶ እዚያው ያደገ ነው። በአደጋው ሁሉም አለቁ ከተባለ እነዚህን ሰዎች የትኛው አደጋ ገደላቸው? ከበረራ 815 ተሳፋሪዎች አንዱ የሆነው ሃርሊ ደግሞ ወደ ቤን ወጥቶ ጎበዝ ምክትል እንደነበርክ ልንገርህ ሲለው፣ ቤንም አንተም ጎበዝ አለቃ ነበርክ ብሎ ይመልስለታል። ጃክ ከሞተ በኋላ ሁለቱ ደሴቲቱን አብረው ለዓመታት ጠብቀዋል ማለት ነው። ጃክ ቀርከሃው መካከል ተጋድሞ፣ ውሻው ቪንሰንት አጠገቡ ተኝቶ፣ ዓይኑ ሊከደን ሲል በላዩ የሚያልፈው አውሮፕላንም ኬትን፣ ሶየርን፣ ክሌርን፣ ሪቻርድን፣ ማይልስንና አብራሪውን ፍራንክን ይዞ የሚሄደው ነው። «ከአንተ ብዙ ዘመን በኋላ» የተባሉት እነዚህ ናቸው።

ይህ መላምት እርስዎ ጋ ብቻ የተፈጠረ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አሜሪካም ውስጥ ብዙ ሰው እንዲሁ ተሳስቷል፤ ምክንያቱም ይታወቃል። የመጨረሻው ክፍል ሲያልቅ ስሞች በሚያልፉበት ሰዓት ሰው የሌለበት ባሕር ዳርቻና የአውሮፕላን ስብርባሪ ታየ። ምስሉን የጨመረው ጣቢያው ነው፤ ተመልካቹ ከድራማው ወጥቶ በቀጥታ ዜና ላይ እንዳይወድቅ በሚል። ተመልካቹ ግን «ማንም አልተረፈም» ብሎ አነበበው። ከዋና አዘጋጆቹ አንዱ ካርልተን ኪውዝ በ2014 በድራማው አሥረኛ ዓመት ላይ፣ ሰዎቹ በአደጋው እንዳልሞቱና ምስሉም እንዴት እንደገባ በአደባባይ አስረድቷል። የደሴቲቱን «የሞት ቦታነት» አዘጋጆቹ ገና ድራማው በአየር ላይ እያለም አስተባብለውት ነበር።

እኛ ጋ ግን ሌላም ምክንያት አለ፤ እርስዎ ሊጽፉት ይገባ የነበረውም ይህ ይመስለኛል። አብዛኞቻችን «ሎስት»ን ያየነው ፊልም ጫኝ ልጆች ጋ ሄደን በፍላሽ አስጭነን ነው። እኔ መጀመሪያ ያስጫንኩት ኮፒ ላይ ስድስተኛው ሲዝን ፎልደር ውስጥ የመጨረሻው ፋይል ጃክ የሬሳ ሣጥኑን ከከፈተ በኋላ ይቆማል፤ ተቆርጦ ነው የተጫነው። ሰብታይትል የለውም። ያልተቆረጠ ያገኘ ሰው ቢኖር እንኳ የአባትና ልጁ ንግግር ዝግ ባለ ድምፅ ስለሆነ በጄኔሬተር ጩኸት መካከል አይሰማም። ቃሉ ሲቀር ለዓይን የሚተርፈው ምንድን ነው? የሬሳ ሣጥን፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የሚተቃቀፉ ሰዎች፣ ብርሃን። ይህን ብቻ ያየ ሰው «ሞተው ነው» ቢል አይፈረድበትም። ጽሑፍ ጽፎ ፍርድ የሚሰጥ ሰው ግን ሙሉውን ማየት ነበረበት።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አልደክምም ነበር። ዛሬ የሰፈሩ ልጆች የሚከታተሉት ከ2022 ጀምሮ የሚታየውን «ፍሮም» ነው፤ መሪ ተዋናዩም እዚያ «ሎስት» ላይ የዎልትን አባት ማይክልን የተጫወተው ሃሮልድ ፔሪኖ ነው። ገና ሳያልቅ «እነዚህም ሞተው ነው» ማለት ተጀምሯል። አንድ መላምት የትኛውም ድራማ ላይ ያለ ማስረጃ የሚለጠፍ ከሆነ ስለ ድራማው የሚነግረን ነገር የለም።

ቁጥሮቹ። 4፣ 8፣ 15፣ 16፣ 23፣ 42፤ ሲደመሩ 108። ሃርሊ ሎተሪ የበላባቸው፣ ከመሬት በታች ባለው ጣቢያ መግቢያ ላይ የተቀረጹት፣ በየ108 ደቂቃው ኮምፒውተር ላይ የሚገቡት። «ትርጉም የላቸውም» ብለዋል። በስድስተኛው ሲዝን አራተኛ ክፍል ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የነበረውንና የሞተውን ሎክን የመሰለው ሰው ሶየርን ገደል ዳር ወዳለ ዋሻ ይወስደዋል፤ ጣሪያውና ግድግዳው በኖራ በተጻፉ ስሞች ተሞልቷል፤ አብዛኞቹ ተሰርዘዋል። ካልተሰረዙት መካከል 4 ሎክ፣ 8 ሬየስ (ሃርሊ)፣ 15 ፎርድ (ሶየር)፣ 16 ጃራ፣ 23 ሼፐርድ (ጃክ)፣ 42 ክዎን ይነበባሉ። የደሴቲቱ ጠባቂ ጄከብ እሱን እንዲተኩት የመረጣቸው ዕጩዎች ተራ ቁጥር ነው። እርግጥ ነው፣ እነዚሁ ቁጥሮች ሎተሪ ላይና በር ላይ ለምን እንደወጡ ድራማው አያስረዳም። በ2006 ከድራማው ጎን በተዘጋጀ የኢንተርኔት ጨዋታ ላይ የሰው ዘር መጥፊያ ጊዜን በሚያሰላ ቀመር ውስጥ እንዳሉ ተነግሯል፤ ያ ግን ስክሪኑ ላይ ስላልመጣ አልከራከርበትም። ስክሪኑ ላይ ያለው ብቻውን «ትርጉም የላቸውም» የሚለውን ያፈርሳል።

ድቡንና ጭሱን በአጭሩ ልለፍ። ድቦቹን ያመጣቸው ዳርማ የተባለው የምርምር ድርጅት ነው። ሦስተኛው ሲዝን ላይ ሶየር የታሰረበት ጎጆ የድቦቹ ነበር፤ ቁልፉንና ማንሻውን እንዴት እንደሚሠራ ደርሶበት የዓሣ ብስኩት ሲወርድለት፣ ጠባቂው ድቦቹ እኮ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የፈጀባቸው ይለዋል። ጭሱ ደግሞ የጄከብ ወንድም ነው፤ ሜይ 2010 በታየው «ባሕር ማዶ» በተባለው ክፍል ጄከብ ወንድሙን ወደ ብርሃኑ ዋሻ ሲጥለው ጥቁሩ ጭስ ሲወጣ በዓይናችን አይተናል። መልሱ አላረካኝም ማለት አንድ ነገር ነው። አልተመለሰም ማለት ግን አይቻልም።

ዎልት ላይ በከፊል እንስማማለን። ልጁ የአንደኛው ሲዝን ትልቅ ምስጢር ነበር፤ ወፎች መስኮት ላይ እየተጋጩ ይሞቱለታል፤ ከአባቱ ጋር ለማምለጥ ሲሞክር ከባሕር ላይ ታፍኖ ይወሰዳል፤ ሁለተኛው ሲዝን ሲያልቅ በጀልባ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ብቅ እያለ ይጠፋል። እርስዎ «ረሱት» ይላሉ። እስቲ ቀኑን ይቁጠሩት። ከአውሮፕላኑ መውደቅ ስድስት ሰዎች ከደሴቲቱ ወጥተው እስከ ዳኑበት ድረስ ያለው ታሪክ አራት ወር አይሞላም። ያንን ለማሳየት ግን ከ2004 እስከ 2008 ድረስ ፈጀ። ተዋናዩ ማልኮም ዴቪድ ኬሊ ደግሞ በማደጊያ ዕድሜው ላይ ያለ ልጅ ነበር። ታሪኩ ውስጥ ሳምንታት ሲያልፉ እሱ ቁመት ጨመረ፣ ድምፁ ጎረነነ። ልጅን ትንሽ ሆኖ ይቆይ ብሎ ማዘዝ የሚችል ደራሲ የለም። ታሪኩ ሦስት ዓመት ወደፊት ሲዘል፣ ማለትም ዕድሜው ሲገጥም፣ መልሰው አሳዩት፤ አምስተኛው ሲዝን ላይ ሎክ ኒውዮርክ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ አግኝቶ ያነጋግረዋል።

ደግሞም ማብቂያ አለው። ኦገስት 2010 ከዲቪዲው ጋር የወጣ 12 ደቂቃ የሚፈጅ ተጨማሪ ክፍል አለ። ቤን ዎልት ወዳለበት የአእምሮ ሕሙማን ተቋም ሄዶ ያወጣዋል፤ ሃርሊ መኪና ውስጥ ይጠብቃል፤ ሦስቱ ወደ ደሴቲቱ ይመለሳሉ። የዳርማ ምግብ ከየት ይላክ እንደነበርም እዚያው ላይ ይታያል፤ ጉዋም ካለ መጋዘን ነው። እኛ ሰፈር የሚዞሩት ኮፒዎች ላይ ይህ ክፍል አይገኝም፤ በቴሌቪዥን አልተላለፈምና። የዎልት ልዩ ችሎታ ምን እንደሆነ በቅጡ አልተነገረም፤ ይህን እቀበላለሁ፤ ያሳዝነኛልም። ተረሳ የሚለው ግን ውሃ አያነሳም።

አሁን ወደ ከባዱ ክስዎ ልምጣ፦ «መጨረሻውን ሳያውቁ ለገንዘብ ጎተቱት»። ብዙ ነገር በመንገድ ላይ እንደተፈጠረ አልክድም። በመጀመሪያው ዕቅድ ጃክ በመጀመሪያው ክፍል ይሞት ነበር። ቤንን የተጫወተው ማይክል ኤመርሰን መጀመሪያ የተቀጠረው ለሦስት ክፍል ብቻ ነው፤ አጨዋወቱ አስገድዷቸው የድራማው ምሰሶ አደረጉት። በሌላ በኩል ሚስተር ኤኮ የተባለው ገጸ ባሕርይ ሦስተኛው ሲዝን መጀመሪያ ላይ የሞተው ተዋናዩ ራሱ መልቀቅ ስለፈለገ ነው፤ የተጀመረው ታሪኩም አብሮት ቀረ። ለዓመታት በየሳምንቱ የሚወጣ ሥራ እንዲህ ነው የሚሠራው። ተዋናይ ያድጋል፣ ይለቃል፣ ያልታሰበው ይገንናል።

ጎተቱት የሚለው ግን እውነታውን ይገለብጠዋል። እንዲራዘም የፈለገው ጣቢያው ነበር፤ ማለቂያ ቀን ይሰጠን ብለው የወተወቱት ዋና አዘጋጆቹ ዴመን ሊንድሎፍና ካርልተን ኪውዝ ናቸው። ሦስተኛው ሲዝን መሃል ላይ ጃክ ታይላንድ ውስጥ ንቅሳቱን እንዴት እንዳገኘ የሚተርክ ክፍል አለ፤ ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ መልስ ነው። አዘጋጆቹ ራሳቸው ያንን ክፍል፣ ማለቂያ ካልተሰጠን የምንሠራው ይህንኑ ነው ለማለት ማስረጃ አድርገውታል። ሜይ 2007 ላይ ጣቢያው ተስማምቶ ድራማው 48 ክፍል ብቻ ቀርቶት በ2010 እንደሚያልቅ ይፋ አደረገ። በወቅቱ ብዙ ተመልካች ያለው ድራማ ሦስት ዓመት ቀድሞ ሞቱን ሲያውጅ ብዙም ያልተለመደ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ደግሞ የደራሲዎች ሥራ ማቆም አድማ መጣ፤ ለ16 ክፍል የታቀደው አራተኛ ሲዝን በ14 አለቀ። ገንዘብ ብቻ የሚፈልግ ሰው ትርፍ የሚያስገኝለትን ሥራ ለመዝጋት አይለምንም።

እንቆቅልሹ ላይ ልመለስ። በጨዋታችን ደንብ አገር የተሰጠው ሰው መልሱን ይናገራል፤ ልክ ነዎት። አገር የሰጠው ወገንም መልሱ ሲነገር ተቀምጦ መስማት አለበት። ከዚህ በላይ የቆጠርኳቸው መልሶች ሁሉ ተነግረዋል። ደግሞም መልስ መስጠት ብቻውን ድራማ አያድንም። «ትዊን ፒክስ» በተባለው ሌላ የአሜሪካ ድራማ ላይ ላውራ ፓልመርን ማን እንደገደላት በጣቢያው ግፊት በሁለተኛው ሲዝን ከተገለጸ በኋላ ተመልካቹ ሸሸ፤ በ1991 ተቋረጠ። ታሪኩ እስኪቀጥል 2017 ድረስ ተጠበቀ።

የሚያሳዝነኝ፣ ጽሑፍዎ የተመለሰውን አልተመለሰም ሲል በእውነት ያልተመለሱትን አለመንካቱ ነው። ታንኳዋን ይውሰዱ። አምስተኛው ሲዝን ላይ ሎክ፣ ሶየር፣ ጁልየትና ጓደኞቻቸው ባሕር ዳር ባገኟት ታንኳ ሲቀዝፉ ከኋላ ሌላ ታንኳ መጥታ ትተኩስባቸዋለች። ጁልየት መልሳ ትተኩሳለች፤ አንዱን የመታችው ይመስላል። በዚህ ሲዝን ሰዎቹ ከዘመን ዘመን ይወረወራሉና በዚያች ቅጽበት ዘመኑ ይቀየርና አሳዳጆቹ ይጠፋሉ። እነማን ነበሩ? እስከ መጨረሻው አልታየም። ግን ታንኳዋ ውስጥ የአጂራ አየር መንገድ የውሃ ጠርሙስ ነበር። ከደሴቲቱ የወጡትን ሰዎች መልሶ ያመጣው የአጂራው አውሮፕላን ደሴቲቱ ላይ የደረሰው በ2007 ነው፤ ስለዚህ ተኳሾቹ ከዚያ ወዲህ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ከዚህ የሚነሳ መላምት ክርክር ይገባዋል፤ ጠርሙሷን የዘነጋ ግን ከበሩ ይመለሳል።

የነፍሰ ጡሮቹም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ደሴቲቱ ላይ ያረገዘች ሴት ትሞታለች፤ ጁልየት የመጣችው ለዚህ ነበር። ምክንያቱን ማንም አይናገርም። ሆኖም በ1977 ኤሚ የተባለች ሴት ኤታንን እዚያው በሰላም ስትገላገል፣ አዋላጇም ራሷ ጁልየት ስትሆን እናያለን። በዚያው ዓመት ቁጥሮቹ የሚገቡበት የ«ስዋን» ጣቢያ ቁፋሮ ላይ ከባዱ አደጋ ደረሰ። እኔ ምክንያቱ ያ አደጋ ነው ባይ ነኝ፤ ድራማው ሁለቱን ክስተቶች ያን ያህል አቀራርቦ ያስቀመጠው በከንቱ አይመስለኝም። ማረጋገጫ የለኝም፤ የሚቃረነውን ትዕይንት ግን እስካሁን አላገኘሁም። ካገኙ ያሳዩኝ።

ከሁሉም የምታንገበግበኝ ከአደጋው ከተረፉት አንዷ የሆነችው ሊቢ ናት። ሁለተኛው ሲዝን ላይ «ዴቭ» የተባለው ክፍል ሲያልቅ ካሜራው ሃርሊ ታክሞ በነበረበት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ይዞራል፤ ፀጉሯ ተንጨብርሮ፣ መድኃኒት እየተሰጣት፣ ፈዛ ሃርሊን የምታየው ሊቢ ናት። ደሴቲቱ ላይ ግን የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ ብላ ነበር። በዚያው ሲዝን መጨረሻ ደግሞ ከዓመታት በፊት የሟች ባሏን ጀልባ ለዴዝመንድ የሰጠችው እሷ ሆና ትመጣለች። የት፣ መቼ፣ ለምን፤ ምንም የለም፤ ማይክል ተኩሶ ገደላትና ታሪኳ ተዘጋ። ጋሼ፣ መልስ ለመጻፍ ካሰቡ ከእሷ ይጀምሩ። ሁለተኛው ሲዝን ከሌለዎት ሙሉው ከነሰብታይትሉ እኔ ጋ አለ፤ 12 ደቂቃዋም አለች። ፍላሽ ይዘው ብቅ ይበሉ።